አራስ የሌለበት አጃ

ጧት ክፍል ስገባ ሴቶቹን ተማሪዎች ከወንዶቹ የምለያቸው በልብሳቸው አልነበረም፤ በጭስ ሽታቸው ነበር። ወንዱ ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ይመጣል። ሴቷ ውሃ ቀድታ፣ በረት ጠርጋ፣ እሳት አያይዛ፣ ለወንድሞቿ ቁርስ አቅርባ፣ እሷ ሳትቀምስ እየሮጠች ትደርሳለች፤ ያውም ደወሉ ከተደወለ በኋላ። ዳይሬክተሩም በር ላይ ጠብቆ ዘገየሽ ብሎ ያንበረክካታል። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ መንበርከክ ያለባቸው እሷን ምድጃ ላይ ጥለው የሚወጡት ወንድሞቿ ናቸው አልኩ። ሣቁብኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቁርስ ያለ እሳት የሚሠራ ከሆነ አሳዪን አለ። አሳያችኋለሁ አልኩት።

ስሜ ውብአየሁ ነው። ያን ጊዜ፣ በ1956 ዓ.ም.፣ እንጅባራ ላይ የቤት አያያዝ አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ስለሆነ አገውኛ አልሰማም።

አዲስ አበባ ስሠለጥን አንዲት የውጭ አገር መምህርት ነበረችን። ማታ አጃ በወተት ዘፍዝፋ ታሳድርና ጧት ቀዝቃዛውን በማንኪያ ትበላዋለች። የፈረስ ቀለብ ትበላለች እያልን እንሥቅባት ነበር። አንድ ቀን ማርና ፍራፍሬ ጨምራ አቀመሰችን። በኬክ ቤት መስተዋት አሻግረን አይተን የምናልፈው፣ ክሬም የተቀባው ኬክ አፋችን ውስጥ የገባ መሰለን። ከዚያ ወዲያ የሣቀ የለም።

አጃ ደግሞ በአዊ ምድር ፈልገው የሚያጡት ነገር አይደለም። ገብስ ውስጥ ሳይዘሩት ይበቅላል፤ ገበሬው እየረገመ ያርመዋል፤ የተረፈውን ለይቶ ገበያ ያወጣዋል። ወተት አለ። ማር አለ። ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ ቁርስ ጧት ማገዶ አይጠይቅም፣ እፍ በዪ አይልም፣ ዓይን አያስለቅስም። የወላጆች ቀን ሲደርስ እናቶቹን ሰብስቤ በተግባር ላሳያቸው ወሰንኩ። በእርግጥ እዚያ አገር አጃ የሚታወቀው በአራስ ነው። ሴት ስትወልድ የአጃ አጥሚት ከማርና ከቅቤ ጋር ይሰጣታል። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እናቴም ጠጥታዋለች። ታዲያ አራስን ያጠነከረ ምግብ ተማሪን ይገድላል?

አብራኝ የምትኖር አንዲት ተማሪ ነበረች፤ የሻረግ ትባላለች። አገሯ ዘንገና ነው። መንገዱ ስለሚርቃት ትምህርት ሲከፈት እኔ ቤት አስገብቻት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነች፣ በሒሳብ ወንዶቹን ሁሉ ታስከትላለች። ሰኔ ላይ የሚኒስትሪ ፈተና ትወስዳለች፤ ካለፈች ደብረ ማርቆስ ትቀጥላለች። ነገር ግን ገና በልጅነቷ ጥርባ ለሚኖር ለአድማሴ ልጅ ታጭታለች። አድማሴ ሠርጉ በግንቦት ይሁን ይላል። አባቷ ክንዴ ደግሞ በእኔ ጭቅጭቅ ተሸንፎ ከፈተናው በኋላ ይሁን ብሏል። ይህን ያለው ግን በግማሽ ልቡ ነው። ትንሽ ሰበብ ቢገኝ የሻረግ ፈተና ክፍል ሳይሆን ጫጉላ ቤት እንደምትገባ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሷ ሌሊት ቁጥር እየደመረች ትቃዣለች፤ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ክንዴ ሐሳቡን ለውጦ መጣ እያልኩ ወደ መስኮት እሄዳለሁ።

ፋሲካ እንዳለፈ ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ የገበያ ቀን ከየሻረግ ጋር አጃ ልንገዛ ወረድን። እኔ እከራከራለሁ፣ እሷ ጆንያውን ይዛለች። ሻጯ ለየሻረግ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። የሻረግ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ አንገቷን ደፋች። ምን አለችሽ አልኳት። ለማን ነው አለችኝ አለች። ምን መለስሽላት ብላት ዝም እንዳለቻት ነገረችኝ። ጨዋ ልጅ ስለ ወሊድ ስትጠየቅ ከትልቅ ሰው ጋር አትነጋገርም፤ ለእኛ ነው ብትል ደግሞ አያምርባትም። እኔም ጨዋነቷን ወድጄላት ማር ወደምንገዛበት አለፍን።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ልንገራችሁ። ዓይን ስለሚፈራ ነፍሰ ጡርም አራስም በአደባባይ አይነገርም። ተጠያቂው ወይ ዝም ይላል ወይ ይክዳል። ስለዚህ ዝም ያለ አመነ፣ የካደም አመነ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ችሎት ፊት የቆመ ሰው በምን ነፃ ይወጣል?

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። የሻረግ በማግስቱ ትኩሳት ጣላት። የክሊኒኩ ድሬሰር ቤት ድረስ መጥቶ አያት፣ መድኃኒት ሰጣት፣ ከአልጋ እንዳትነሣ አዘዘ። እኔ አጃውን አስሸክሽኬ፣ በምጣድ ለብለብ አድርጌ አምሼ፣ በወፍጮ ሽርክት አድርጌ ሙከራዬን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሲነጋ እንደ ጠጠር ጥርስ የሚሰብር ሆነ። ሁለተኛው ወተቱ ሳይፈላ ስላስቀመጥኩት ኮመጠጠ። በሦስተኛው ሽርክቱን አደቀቅሁት፣ ወተቱን አፍልቼ አቀዘቀዝኩት፣ ከዓረቡ ሱቅ የገዛሁትን ቀረፋ ነሰነስኩበት፣ የእንጅባራ ብርድ እንዲያገኘው በሩ ሥር አሳደርኩት። ጧት በብርጭቆ አንድ ረድፍ አጃ፣ አንድ ረድፍ ማር፣ ከላይ የተፈጨ እንጆሪ አድርጌ ለየሻረግ አልጋዋ ድረስ ወሰድኩላት።

ቀመሰችና ማንኪያውን አፏ ውስጥ አቆየችው። ኬክ የሚሉት ይህን ነው ወይ አለችኝ። ኬክም እንዲህ ይጣፍጣል፣ ነገር ግን እስከ ምሳ አያደርስም አልኳት። ብርጭቆውን በጣቷ ጠርጋ ጨረሰች።

ወሬው ከቤት እንዳይወጣ፣ የወላጆች ቀን ሳይደርስ ማንም እንዳያየው፣ በሬን መዝጋት ጀመርኩ። የቤት አከራዬን እማማ ደብሪቱን እንኳ በር ላይ እየቆምኩ ነበር የምመልሳት። አሁን በእሷ ዓይን እዩት። አጃ ተገዛ። ማር ተገዛ። ወተት በየቀኑ ይገባል። ድሬሰሩ መጥቶ ሄደ። ልጅቷ ተኝታለች፣ በሩ ተዘግቷል።

በዚያው ሳምንት አጋማሽ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ ደብሪቱ የቅቤ ቅል፣ ጎረቤታችን ሸጋ ደግሞ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዘው ደጃፌ ላይ አገኘኋቸው። በሩን ስከፍት ከእኔ ቀድመው ገቡ። ወደ አልጋው ጎንበስ ብለው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

የሻረግ ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«ማነው የወለደው?» አልኩ።

«ኧረ ማንም አልወለደ፣» አለች እማማ ደብሪቱ ቅሉን መደቡ ላይ እያስቀመጠች። «እኛ ምን አልን?»

«አልወለደችም ስላችሁ! ጉንፋን ነው የያዛት። አጃው ቁርስ ነው።»

«አዎ፣ ጉንፋን ነው፣» አለች ሸጋ። «እኔም ሦስቴ ጉንፋን ይዞኛል። ትልቁ ጉንፋኔ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባልኝ።»

ሁለቱም ሣቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ነው ደሜን ያፈላው። ክፉ ቢሆኑ ገፍትሬ አስወጣቸው ነበር። ሊረዷት ነው የመጡት። እማማ ደብሪቱ በጆሮዬ፣ መቀነትና ሰፊ ቀሚስ ስንቱን ደብቋል፣ አንቺ ለልጅቷ ደግ ስለሆንሽ ጌታ ይክፈልሽ አለችኝ። ቅቤውን መልሼ ሰጠኋት። እንቢ አለች። ዶሮዋን ወደ ውጭ ለቀቅኳት፤ እግሯ ታስሮ ስለነበር ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን የሚያውቀኝ ሁሉ ይገምታል። ቤት ለቤት ዞርኩ። በወፍጮ ቤት፣ በሱቅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለተቀመጡት ሁሉ አልወለደችም እያልኩ ተከራከርኩ። አንዷን ሴት ማስረጃሽ ምንድን ነው ብዬ አፋጠጥኳት። አንቺው ነሻ፣ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ትሮጪ ነበር ወይ አለችኝ። ዳይሬክተሩ ድሬሰሩን ጠይቆ እውነቱን አውቆ ነበር፤ ለከተማው ንገርልኝ ብዬ ብለምነው የገበያ ወሬ ማረም የትምህርት ቤቱ ሥራ አይደለም አለ። ትምህርት ቤት ውሸት ካላረመ የሚያርመው ምንድን ነው ብዬ በሩን ወርውሬበት ወጣሁ። ማታ ቤት ስገባ የሻረግ የሒሳብ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ ገጽ ላይ ቆማ ትቆያለች። ወሬው ጥርባ ደርሶ ይሆን ትለኛለች። አልደረሰም እላታለሁ። ተቀምጬ ግን ራት መብላት አልቻልኩም፤ ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው እመላለሳለሁ።

ደርሶ ነበር። ቅዳሜ ጧት ክንዴ በፈረስ መጣ።

ከፈረሱ ወርዶ አጥሩ በር ላይ ቆመ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በርኖሱን ትከሻው ላይ እያስተካከለ የእግዜር ሰላምታ ሰጠኝ። ይግቡ አልኩት። አልገባም። አድማሴ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን መመለሱን፣ እጮኝነቱ መፍረሱን በአጭሩ ነገረኝ። ልጄን ልወስድ መጥቻለሁ፣ ዕቃዋን ታውጣ አለ።

ይግቡና በዓይንዎ ይዩ አልኩት። ነገ እሑድ ነው አለኝ። ገባኝ። አራስ ያለችበት ቤት የገባ ሰው ጸበል ሳይረጭ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ክንዴ ደግሞ ቅዳሴ አስታጉሎ አያውቅም። ደጃፌን ከረገጠ ወሬውን አላመነም። ካልረገጠ አምኗል። እማማ ደብሪቱና ሸጋ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው እግሩን ያያሉ፤ መንገደኛውም ቆም ማለት ጀምሯል።

«አያ ክንዴ፣» አልኩት፣ «ልጅዎን እርስዎ ያሳደጓት ነዎት ወይስ ገበያው?»

ልጓሙን እጁ ላይ ጠቀለለ። እኔም ጮኽኩበት። ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽርክቱ፣ ስለ ድሬሰሩ፣ ስለ አድማሴ ችኮላ፣ ያልተናገርኩት አልነበረም። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። ክንዴ መሬት መሬት ያያል። ይህን ሁሉ ስናገር ለአጥር ተመልካቹ ተጨማሪ ማስረጃ እየሰጠሁ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ማቆም ግን አልቻልኩም።

የሻረግ በሩ ላይ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ያን ጧት ያደረውን አጃ በብርጭቆ ይዛለች። አባቷን በአገውኛ ጥቂት ቃል ብቻ ተናገረችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ክንዴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የፈረሱን ልጓም እጄ ላይ አስጨብጦኝ በአጠገቤ አልፎ ገባ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተቃጠልኩበት ጊዜ የለም። የሰው ፈረስ ይዤ በገዛ ደጄ ቆሜአለሁ። ውስጥ ይነጋገራሉ። እሰማለሁ፣ ነገር ግን አንዱም ቃል አይገባኝም። አንዴ የእሱ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አንዴ የእሷ ይረዝማል፣ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ። ልጓሙን አጥሩ ላይ አስሬ እንዳልገባ ፈረሱ ይጎትተኛል። ሸጋ ከወዲያ፣ «ያዢው፣ ጥሩ ባልደራስ ይወጣሻል» አለችኝ። በመጨረሻ ፈረሱን ለእሷ አስይዤ ገባሁ።

ክንዴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ባዶውን ብርጭቆ በእጁ ያገላብጣል። ፊቱ ተለውጧል፤ ንዴቱ አሁን ወደ ሌላ ሰው ዞሯል። በአማርኛ፣ አሁኑኑ ጥርባ እወርዳለሁ፣ አድማሴን በሽማግሌዎቹ ፊት አሳፍረዋለሁ አለኝ። የልጄ ስም ታጥቦ ሳይጸዳ እንቅልፍ አልተኛም አለ። እኔ ደስ ብሎኝ፣ እኔም አብሬ እወርዳለሁ፣ ድሬሰሩንም ይዤ እመጣለሁ ማለት ጀመርኩ።

የሻረግ አቋረጠችኝ። እኔም እንድሰማ በአማርኛ ነበር የተናገረችው።

«አባዬ፣ ለአድማሴ ከነገርከው ይቅርታ ይልሃል። ይቅርታ ካለህ ደግሞ የሰው አፍ እንዲዘጋ ሠርጉ በዚህ ወር ይሁን ይላል። አንተም እሺ ትላለህ። ተወው። እስከ ሰኔ ወልዳለች ይበሉኝ።»

ክንዴ ወደ እኔ አየ፤ ይህን ያስተማሯት አንቱ ነዎት እንደማለት። አላስተማርኳትም። እንዲያውም ከእሱ በላይ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ውሸት ላይ የቆመ ፈተና ምን ፈተና ነው አልኳት። ነገ ደብረ ማርቆስ ድረስ ቢከተልሽስ፣ ወንድሞችሽ ቢሰደቡበትስ፣ ወንዶቹ መንገድ ላይ ቢጠቋቆሙብሽስ አልኳት። እሷ ሁሉንም አስባበታለች። ማንም እንዲዋሽ አልለምንም፤ ዝም በሉ ብቻ ነው የምለው፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ቀሪውን ራሳቸው ይሠሩታል አለች። ሰኔ ካለፈ በኋላ አባዬ ለፈለገው ይንገር፤ አድማሴም ከፈለገ ያን ጊዜ ይምጣ አለች።

ክንዴ በበሩ በኩል አጥሩ ላይ የቆሙትን አየ። የአንድ ገበሬ ስም በሰፈሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ልመናዋ ቀላል ይመስለዋል። ማኅበር ሲቀመጥ፣ ውሃ መውረጃ ሲጠርግ፣ ከቅዳሴ ሲወጣ ሁሉም ያየዋል። በመጨረሻ ፈተናው የሰኔ መግቢያ ነው ወይስ መውጫ ብሎ ጠየቀ። አጋማሽ ላይ ነው አልኩት።

«እንግዲያው እስከዚያ ጥርባ አልወርድም፣» አለ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እሷ ትችለዋለች፣ እኔም እችለዋለሁ። የሚያሰጋኝ አንቱ ነዎት።»

ሲሄድ ለሚስቱ እንዲያደርስ ከተሸከሸከው አጃ በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት። ዝናብ ሊጥል ስለ ነበር በበርኖሱ ሥር ደረቱ ላይ አቀፈው። በሁለት እጁ ደግፎ፣ ፈረሱን ቀስ እያስኬደ ወደ ዘንገና ወጣ። እማማ ደብሪቱ እያለቀሰች አየችው። ከሰዓት በኋላ ክንዴ ሕፃኑን በርኖሱ ውስጥ አቅፎ ወሰደው የሚለውን ያልሰማ እንጅባራ ላይ አልነበረም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። በየዓመቱ እናቶችን ለማምጣት የምንለምነውን ልመና ያን ዓመት አልለመንንም፤ ክፍሉ ሞልቶ በመስኮት ቆሙ። አጃ ሊያዩ አልነበረም የመጡት። የሻረግ ጠረጴዛው ጎን ብርጭቆ እየደረደረች ቆማለች፤ ዓይን ሁሉ ከወገቧ ላይ አይነሣም። እኔ ስለ ጭስ፣ ስለ ማገዶ፣ ስለሚያረፍዱ ሴት ልጆች ያዘጋጀሁትን ንግግር አደረግሁ። የሻረግ ወደ አገውኛ እየመለሰች ነገረቻቸው። ቀመሱ። ጣፈጣቸው። ብርጭቆ እየተቀባበሉ ደገሙ። አንዷ የአራስ ቤት ቁርስ ብላ ስም አወጣችለትና ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ምላሴን ነከስኩ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ግን አልሣቀችም፣ አልቀመሰችምም። ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ስትመጣ የየሻረግ እጅ ቆመ። በዚያ ማንነቷን ጠረጠርኩ፤ የአድማሴ ሚስት፣ የእጮኛዋ እናት ነበረች። ከጥርባ በእግሯ መጥታለች። የሻረግን ከራሷ እስከ እግሯ አየቻት፤ ወገቧ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ለሰለሰ።

«መምህርት፣» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ እህል አልበላም ብሏል። እኔም ይህችን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሬ እወዳታለሁ። ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ መጣሁ። አልወለደችም በዪኝና ልመን።»

በዚያ ሁሉ ሳምንት ያን ቃል ለማያምነኝ ሰው ሁሉ እያሳደድኩ ስናገር ከርሜአለሁ። አሁን የሚያምነኝ ሰው መጣ። ደግሞም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እግሯ ጭቃ ነው፣ ዓይኗ ይለምናል። ብናገር በማግስቱ ሽማግሌ ዘንገና ይደርሳል፤ ግንቦት ሳያልቅ ድንኳን ይተከላል። የሻረግ አላየችኝም። ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ለሚጠይቋት ሴቶች በአገውኛ ትመልስላቸዋለች።

ማንኪያ አነሣሁና ከፊቴ ካለው ብርጭቆ አፌን ሞላሁ።

ሴትየዋ እስክውጥ ጠበቀች። ዋጥኩና ሌላ ጨመርኩ። ማሩ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ዓይኔ ውሃ አዘለ። ያኔ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ የሻረግ ሄዳ ግንባሯን ሳመቻት፣ በሴቶቹ መካከል አልፋ ወጣች። በመስኮቱ አየኋት፤ ወደ ጥርባ የሚወስደውን መንገድ ይዛ፣ አንዴም ዞራ ሳታይ ትሄዳለች።

አፌ ገና ሙሉ ነበር። አንዲት እናት፣ ወተቱ ሳይፈላ ቢዘፈዘፍ ምን ይሆናል ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። የሻረግ ስለ እኔ መለሰች። ይኮመጥጣል፣ መፍላት አለበት፣ ፈልቶም ደኅና አድርጎ መቀዝቀዝ አለበት አለቻቸው።